ከረባት ያሰረው ፈታኝ

ሰኞ ማታ

መምህሯ «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ እጃችሁ ይፍታታ» ብላን ነበር። ደብተሩን ገዛሁ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ፣ ከዚያ የእስክሪብቶውን ጫፍ ሳኝክ ቆየሁ። በእንግሊዝኛ የሚወጣልኝ ነገር ሁሉ «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው» ዓይነት ነው። አየሩ ደግሞ ጥሩ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ እየወረደ ነው። ስለዚህ በአፍ መፍቻዬ እጽፋለሁ። መምህሯ እንደሆነ አታየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ እሠራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የሰውየውን የአፍ ቅርጽ ወስዶ ይልክልናል፤ እኛ ጂፕሰም እናፈስበታለን፣ ሰም ላይ ጥርስ እንደረድራለን፣ እናበስላለን፣ እንሞርዳለን፣ እናወለውላለን። ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ የጥርስ ወርክሾፕ የሠራሁትን አይቶ ወዶልኛል። የቀረኝ የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ብቻ ነው። አንዴ ወድቄያለሁ። የሥራ ቦታውን ክረምቱ እስኪወጣ ይዘውልኛል፤ አሁንም ብወድቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ በቃ።

ባለፈው የወደቅኩት ራሴን አሞኝ ስለነበር ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ ማታ ክፍል ውስጥ ያንን የምፈራውን ጀመርን። ድሮ ተጀምሮ እስካሁን ያላቋረጠ ነገር የሚነገርበትን፣ «ሃቭ ቢን» ብሎ ከኋላው «ኢንግ» የሚያስከትለውን። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አሰመረች፣ ጫፉ ላይ ቀስት አደረገችበትና «አላለቀም፣ ገና እየሄደ ነው» አለች። ፈታኞች ይህን ይወዱታል አሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሠሪው? ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ቤት የምትኖሪው? ከማን ጋር?

ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ከአባቴ ጋር እንደምኖር ተናገርኩ። መምህሯ ፊቷ ጥቁር አለና ድምጿን ዝቅ አድርጋ በራሳችን ቋንቋ «ነፍስ ይማር። መቼ አረፉ?» አለችኝ።

«ማን?»

«አባትሽ።»

«አባቴ? ቤት ነው ያለው እኮ! ሬዲዮ እያዳመጠ!»

«ታዲያ ለምን እንዳለቀ ነገር ትናገሪዋለሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ቤት መጥቼ ለአባዬ ስነግረው እሱም ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ።

ረቡዕ ማታ

አባዬ «እኔ እፈትንሻለሁ» አለ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። የሚያውቀው እንግሊዝኛ አውቶቡሱ ውስጥ ተለጥፎ የነበረው ብቻ ነው፤ «ኖ ስሞኪንግ» እና «ኤግዚት»። ይሁን ብዬ የፈተና ጥያቄዎቹን በራሳችን ፊደል ጻፍኩለት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲሸመድድ ዋለ።

ራት ከበላን በኋላ መኝታ ቤቱ ገብቶ ጡረታ ሲወጣ ያሰራትን ቀይ ከረባት አስሮ ወጣ። ከምግብ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይውጡና ያንኳኩ።»

«አባዬ፣ እዚሁ ነኝ እኮ።»

«አባዬ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ፈታኝ ነኝ። እርስዎ ይበሉኝ።»

ወጣሁ። የገዛ ቤቴን በር ሳንኳኳ የታችኛዋ ጎረቤታችን ዘንቢል ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አየችኝ። «ቁልፍ ረስተሽ ነው?» አለች። «አይ፣ ፈተና ላይ ነኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች።

«ይግቡ!» አለ ከውስጥ።

«ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ቢን ዱዊንግ ዚስ ወርክ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዚስ» ሲባል ምላስ ከጥርስ መሀል ብቅ ይላል ብዬው ስለነበር ከልቡ አወጣው፤ የላይኛው ጥርሱ ቀጭ ብሎ ወረደ። ጥርሱን የሠራሁለት እኔ ነኝ። በአውራ ጣቱ ወደ ቦታው መለሰውና ኮስተር ብሎ «ፈታኙ ይቅርታ ይጠይቃል» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልስ! በሳቅ ሆዴን ይዤ ቀረሁ።

ስደናቀፍ «ወራጅ አለ?» ይላል። መልሴ ትክክል መሆን አለመሆኑን በምን እንደሚያውቅ ጠየቅኩት። «እንግሊዝኛውን አላውቅም፣ ፊትሽን ግን አውቃለሁ» አለ።

አንድ ደንብ አውጥቷል፤ ፈታኝ አይራራም፣ ተፈታኝ አይዋሽም።

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

ሥራ ተቆልሏል። ሁለት ሙሉ አፍ ጥርስ ለነገ። ሰሙ ዛሬ ምን እንደነካው አይይዝልኝም።

ከጎኔ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ «ዝምተኛው» የምንለው፣ ጭራሽ ሳይጠየቅ ተናገረ። «መቼ ነው የምትሄጂው?» አለኝ። ካለፍኩ ነዋ አልኩት። «ታልፊያለሽ» አለና ወደ ሞረዱ ዞረ። ጆሮው ቀልቷል። ምን ነካው ዛሬ?

ቅዳሜ

ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሳሙና ስፈልግ በጋዜጣ የተጠቀለለ ድስት አገኘሁ። ታቹ ከስሎ ጥቁር ሆኗል። ወደ አባዬ ይዤው ሄድኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻይ ላፍላ ብዬ ረሳሁት።»

ሻይ ሩዝ አለው ወይ ልለው ነበር። ድስቱ ግርጌ ላይ ያረረ ሩዝ ተጣብቋል። አላልኩትም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ምድጃው የኔ ነው፤ አባዬ ውኃ ከማፍላት በላይ ነክቶት አያውቅም። ታዲያ ሩዝ ምን ያደርግለታል? ያውም ደግሞ ደበቀው። የደበቀው ነው ያሳሰበኝ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ቃል መግባት ስለማይሰለቸው ቤት ውስጥ «ሚኒስትሩ» እንለዋለን። «አባዬ መርሳት ጀምሯል» አልኩት። «አታስቢ፣ እኔ አለሁ አይደል?» አለኝ። አለ እሱማ። የት እንዳለ ነው ችግሩ።

ድስቱን በብረት ሽቦ ስፈትገው አመሸሁ። አልለቀቀም።

ማክሰኞ

የዕቃ መደርደሪያው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ጨው»። «ስኳር»። «ዘይት ታች ነው»። የአባዬ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ያ ትልቅ ትልቁ።

ቆሜ አየሁት። እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ዘመን ኖሯል? ጨው የት እንዳለ ይጠፋዋል? ወረቀቶቹን ግን አልነካኋቸውም።

የግራ እጁ ጣት ላይ ፕላስተር አለ። «በር ቆነጠጠኝ» አለ።

ክፍል አልሄድኩም። ዝናብ ነበር።

ሐሙስ

ተንኮል ሠራሁ። ራት ላይ እንደ ጨዋታ አድርጌ «አባዬ፣ የድሮው መስመርህ ፌርማታዎች ትዝ ይሉሃል?» አልኩት። ከዴፖው ጀምሮ እስከ መጨረሻው በተራ ጠራቸው። ሲመለስም ጠራቸው። የትኛው ፌርማታ ላይ የትኛዋ ሴትዮ ዘወትር እንደምትዘገይ ሁሉ ነገረኝ። አንድም አልሳተም።

ታዲያ ወረቀቱ ምንድን ነው? ለጨው ብቻ የሚመጣ መርሳት አለ?

ዓርብ ማታ

ዛሬ ቀደም ብዬ ገባሁ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ከላይ ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ናት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ለተማሪዎች ታበስል የነበረችው።

«ልጅዎ እስካሁን አላወቀችም?»

«ኧረ ቀስ በይ። ካወቀች ትቀራለች።» አባዬ ነው።

«ይነግሯታል እንጂ፣ እስከ መቼ?»

«ፈተናዋን ትጨርስ።»

ተመልሼ ወርጄ መንገድ ላይ በዝናብ ቆምኩ። ከዚያ ጫማዬን ጮክ እያደረግኩ ወጣሁ። አባዬ ሬዲዮ ሥር ተቀምጦ «ዛሬማ ቶሎ መጣሽ!» አለኝ፣ ደስ ብሎት። የሚዋሽ ሰው እንዲህ ደስ ይለዋል?

ታሟል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ታሞ ነው የደበቀኝ። እሱ ቤት ውስጥ እየታመመ እኔ «ሃቭ ቢን፣ ሃቭ ቢን» እያልኩ እንደ በቀቀን እለፈልፋለሁ። የመድኃኒት ሣጥኑን ከፈትኩ። ያው የደም ግፊቱ ክኒን ነው፣ ሌላ የለም። አጠገቡ አዲስ የጠረጴዛ ሰዓት ተቀምጧል፤ ክኒን በሚውጥበት ሰዓት እንዲጮህ ተሞልቷል። እስከ ዛሬ ክኒኑን ከነውኃው የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

እሑድ

ፈታኙ ዛሬም ከረባቱን አሰረ። አልፈልግም አልኩ። «የተመዘገበ ተፈታኝ አይቀርም፣ ይውጡና ያንኳኩ» አለ።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እንደ ምንም መለስኩ። ከዚያ የተጻፈለትን ወረቀት ገልብጦ አስቀመጠና በራሳችን ቋንቋ ጠየቀኝ።

«እርስዎ ባለፈው ለምን ወደቁ?»

«ራሴን አሞኝ ነበር።»

«ፈታኙ አላመነም። ይቀጥሉ።»

«አሞኝ ነበር አልኩ እኮ!»

«እሺ፣ ራስዎን ያመመዎ የትኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ነው?»

ያኔ የጠየቁኝ ከማን ጋር እንደምኖር ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ሌላ ጥያቄ። አባትዎን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው መያዝ የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ይሄ ፈተናው ውስጥ የለም።»

«ፈታኝ ያሻውን ይጠይቃል።»

ተነሥቼ ገባሁ። በሩን ወረወርኩት መሰለኝ። አባዬ ከረባት ሲያስር የሚደፍረውን ሳያስር አይደፍርም። እኔም «እርስዎ» ስባል ነው የምናደደው። «አንቺ» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ እኔም መልሼ «አንተስ ምን ደበቅከኝ?» እለው ነበር። «እርስዎ» ያልከውን ሰው እንዴት ብለህ ታፋጥጠዋለህ?

ሰኞ

ወሰንኩ። ነገ ለወርክሾፑ አልመጣም ብዬ እጽፍላቸዋለሁ።

ማክሰኞ

አልጻፍኩም። ኔትወርክ አልነበረም።

ረቡዕ

ኔትወርክ ነበር። ሥራ በዛብኝ።

ሐሙስ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት አባዬ የዳቦውን ቅርፊት እየቆረሸመ ሲበላ አየሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥርሱ ግራ ድዱን እየቆረቆረው ልሞርድለት ቀጠሮ ይዘን ነበር፤ እኔ በሥራና በፈተና ሰበብ ሳዘገየው ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ቅርፊት ይበላል። በልቶ ሲጨርስ ላጥብልህ ብዬ ጥርሱን ተቀበልኩትና ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ።

ተነክቷል። የግራ ጠርዙ ተሞርዷል፣ ተወልውሏልም። የሞረድኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም።

ሰው የገዛ እጁን ያውቃል። እኔ ጠርዙን ድፍን አድርጌ ነው የምተወው፣ ከውጪ ወደ ውስጥ ነው የማወለውለው። ይህ ግን ሳሳ ተደርጓል፣ አጭር አጭር እየተደረገ ነው የተሞረደው። ጥሩ ሥራ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ሁለቴ ማየት አላስፈለገኝም፤ በየቀኑ ከጎኔ ተቀምጦ ነው እንዲህ የሚሞርደው።

ወርክሾፕ እንደ ደረስኩ ካፖርቴን ሳላወልቅ ዝምተኛው ፊት ቆምኩ።

«የአባቴን ጥርስ ነክተሃል?»

ጆሮው ፍም መሰለ።

«አንቺ ሥራ ልታደርሺ ክሊኒክ በሄድሽ ቁጥር ይመጣሉ» አለ። «አስምለውኝ ነው።»

«ለምን?»

«'ልጄ ስትሄድ ጥርሴን የሚያይልኝ ሰው ከአሁኑ ልልመድ' አሉኝ። 'እሷ እያለች ካልለመድኩ፣ ከሄደች በኋላ ሰው ፊት አፌን መክፈት አፍራለሁ' አሉ። ምን ልበል?»

ዝምተኛው ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ቀኑ አልመሽ አለኝ። ቤት ስገባ አባዬ መሐረብ ትከሻው ላይ ጥሎ ድንች እየላጠ ነበር። አላየኝም። ምላሱን በአፉ ጥግ ነክሶ ቢላዋውን ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ያን ግዙፍ አውቶቡስ የሚጠመዝዝ እጅ አንዲት ድንች ላይ ይጠነቀቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቅስ ነበር። ጮህኩ።

«የኔን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጠህብኝ!»

ድንቹ ወደቀ። «ሥራው ያንቺ ነው» አለ ጎንበስ ብሎ እያነሣው። «ጥርሱ ግን የኔ ነው።»

«ድስቱስ?»

«ሩዝ እየተማርኩ ነበር። ጎረቤታችን ናት የምታስተምረኝ። የመጀመሪያው ቀን ውኃውን አሳነስኩት።»

«ጨው፣ ስኳር ብለህ የለጠፍከውስ?»

«ባሕር ማዶ ደውዬ 'ጨው የት ነው?' እንዳልልሽ ነዋ! እዚህ ቤት ዕቃ የምታስቀምጪው አንቺ፣ የምታነሺው አንቺ። እኔ እንደ እንግዳ ነኝ የኖርኩት።»

«እኔ ታመሃል ብዬ… መርሳት ጀመረህ ብዬ…»

«ታዲያ ብትጠይቂኝስ?»

«አንተስ ብትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ኖሮ ቢላዋውን ከእጄ ትቀሚኝ ነበር።»

እውነቱን ነው። እቀማው ነበር።

«ልታባርረኝ ነው በለኛ» አልኩና ገባሁ። ደግ ቃል አልነበረም።

አሁን እዚህ ተቀምጬ የከፋኝ ምን እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። ብቻውን እንዳይቀር ፈርቼ ነበር፣ በእሱ ፍርሃት ነው ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት። አሁን ብቻውን መሆን እንደሚችል ሳውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ደስታ አይደለም። ከቤቴ የተባረርኩ መስሎ ነው የተሰማኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሰውየው እንዲያስፈልገኝ ሳይሆን እንዳስፈልገው ነው ለካ የፈለግኩት።

ቅዳሜ

እሱ ያበስላል፣ እኔ እበላለሁ፣ «እጅህ ይባረክ» እንኳ አላልኩትም። ድንቹ ጥሬ ነበር፣ እንዲሁ ዋጥኩት።

ከረባቷ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥላለች።

ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ

መምህሯ ዛሬ ከማን ጋር እንደምኖር ደግማ ጠየቀችኝ። መለስኩ። «ጎበዝ፣ አባትሽ ተነሡ» አለች። ሁሉም ሳቀ።

ከነገ ወዲያ ፈተና ነው።

ማክሰኞ ማታ

ከሥራ ስገባ የመኝታ ቤቴ በር እጀታ ላይ ከረባቷ ታስራለች። አባዬ የለም። ወዲያው የውጪው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አበጥሮ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ፈታኟ አሉ?»

«አባዬ፣ ነገ ፈተና አለብኝ እኮ…»

«እኔም ዛሬ ነው ፈተናዬ። ፈታኟ ካሉ ልግባ።»

ከረባቱን ማሰር አላውቅበትም። እሱ ራሱ አንገቴ ላይ አሰረልኝና ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና አንኳኳ። ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጥኩ። «ይግቡ» አልኩ። ገባ። እስክጋብዘው ቆሞ ጠበቀ። «ይቀመጡ» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ያው የለመድነውን ጠየቅኩት፣ ከመቼ ጀምሮ ምን ሲሠራ እንደቆየ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «አይ ሃቭ ቢን ኩኪንግ ፎር ቱ ማንዝ» አለ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳበስል ቆየሁ ማለቱ ነው። «ማንዝ» ላይ ጥርሱ ቀጭ አለ፣ ግን አልወረደም። የዝምተኛው ሞረድ ሠርቷል።

«ማን አስተማረዎ?» አልኩ በሳቅና በለቅሶ መሀል ሆኜ።

«እርስዎ ሲሉ እየሰማሁ ነዋ። 'ወርኪንግ' የሚለውን አወጣሁና 'ኩኪንግ' አስገባሁበት። ኩኪንግን ያገኘኋት የዘይቱ ጀሪካን ላይ ነው።»

ከዚህ በኋላ በራሳችን ቋንቋ ቀጠልን።

«ልጅዎ ስትሄድ ከማን ጋር ይኖራሉ?»

«ከራሴ ጋር። ከዚህ በፊት አብረን ኖረን አናውቅም። ሰውየው ግን ክፉ አይደለም ይሉታል።»

«ይፈራሉ?»

አንገቴ ላይ ያለችውን ከረባት አየት አደረገ። ፈታኝ እንደማይራራ ተፈታኝም እንደማይዋሽ ያውቃል።

«አዎ። መሸት ሲል እፈራለሁ። ሬዲዮውን ከፍ አደርገዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን 'ቅሪ' አይሏትም?»

«እኔ ሾፌር ነኝ» አለ። «'ወራጅ አለ' ሲባል ሾፌር ያቆማል። አብሮ አይወርድም። በሩንም አይቆልፍም።»

ከረባቱን ላላ አድርጌ «የተግባር ፈተና ይቀራል» አልኩት። ወደ ማድ ቤት ገብቶ ከሰዓት የሠራውን የድንች ሾርባ አሙቆ አመጣ። እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆመና ስቀምስ ዓይኔን ያያል።

«ጨው በዝቷል» አልኩ።

«በጣም?»

«ትንሽ።»

«ድንቹስ?»

«ድንቹ በስሏል። አልፈዋል።»

ተነሥቼ አቀፍኩት። ኮቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። «በል ይቅር በለኝ» አልኩት፣ ወደ «አንተ» ተመልሼ። «ለምኑ?» አለኝ። ሳህኑን አንሥቶ ሲሄድ በሩ ላይ ዞር አለና «ነገ ደግሞ ራስሽን እንዳያምሽ» አለኝ።

«አያመኝም።»

ረቡዕ

ወጣሁ ከፈተና። ካፌ ውስጥ ሆኜ ነው። ቶሎ ልጻፈው።

ፈታኟ ሴት ናት። ከረባት የላትም። እንዲያውም ጉንፋን ይዟታል። ሥራዬን ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ከዚያ መጣች ያቺ ጥያቄ። ከማን ጋር ነው የምትኖሪው፣ ከመቼ ጀምሮ?

መለስኩ። ቀጥይ ሳትለኝ ቀጠልኩ። አባቴ ምግብ ማብሰል እየተማረ እንደሆነ ነገርኳት፣ ድስት እያቃጠለ እንደከረመ፣ ከኔ ተደብቆ ሌላ ሰው ጋ ጥርሱን ሲያሳይ እንደነበረ። ግማሹን አበላሽቼ ይሆናል። ጀሪካኑን ስነግራት አፍንጫዋን በሶፍት ይዛ ሳቀች። ጊዜው እንዳለቀ የሚናገረው ደወል ጮኸ፣ እኔ ገና ሾርባው ጋ አልደረስኩም ነበር።

ረቡዕ ማታ

«ምን ጠየቁሽ?» አለኝ ገና በሩን ስከፍት።

«ስላንተ።»

«ምን አልሽ?»

«እውነቱን።»

«የተቃጠለውን ድስትም?»

«እሱንም።»

«ዓለም ፊት አዋረድሽኝ» አለና ደስ ብሎት ወደ ምድጃው ሄደ።

ዓርብ

ወንድሜ ደወለ። «አባዬን አምጪልኝ፣ እኔ ጋ ይሁን፣ እኔ አለሁ አይደል?» አለ። አባዬ ስልኩን ተቀብሎ «ልጄ፣ አንተ ጋ ስመጣ የማበስልልህ ምን ትወዳለህ?» አለው። ሚኒስትሩ መልሼ እደውላለሁ ብሎ ዘጋ።

ዝምተኛው ላይ የጮህኩበትን ይቅርታ ጠየቅኩ። «አጭር አጭር ስሞርድ ነው ያወቅሽብኝ?» አለ። አዎ አልኩት። ቀኑን ሙሉ ለብቻው ፈገግ ሲል ዋለ።

ውጤት አልመጣም። ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤ እገባለሁ።

ማክሰኞ

መጣ።

አለፍኩ። አባዬ «አለፍን» አለ።

እሑድ

ዝናቡ እየሳሳ ነው። የምሄድበት ቀን ተቆርጧል። ሻንጣው ሳሎን መሀል አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ሁለታችንም ሳናየው እንዳለፍን ሆነን ዙሪያውን እንሄዳለን።

ከምሳ በኋላ አባዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ግራ በኩል እየቆረቆረኝ ነው» አለ።

«ወደ ዝምተኛው አትሄድም?»

«እስክትሄጂ አንቺ አለሽ አይደል?»

ትንሿን ሞረድ አመጣሁ። ጥርሱን አውጥቶ ሰጠኝ። ወደ መስኮቱ ሄጄ በብርሃኑ አገላብጬ አየሁት፣ ጣቴን ጠርዙ ላይ አስኬድኩ፣ አፉን አስከፍቼ ድዱንም አየሁ። ምንም አልነበረም። ቁስል የለ፣ መቅላት የለ። ዝምተኛው የሠራው ልክ ነበር፤ እኔም ብሠራው ከዚያ አላሻሽለውም።

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠግቼ ተቀመጥኩና ሞረዱን ጥርሱን ሳላስነካ የጣቴ ጥፍር ላይ ቀስ እያደረግኩ አሻሸሁት፣ ድምፁ እንዲሰማ ብቻ። ደጋግሜ አሻሸሁት። አባዬ ጥርስ የሌለውን አፉን ገጥሞ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ጥርሱን ካጠብኩት በኋላ መለስኩለት።

«ተሻለህ?» አልኩት።

ሁለት ጊዜ ገጨት ገጨት አድርጎ ሞከረው።

«አዎ» አለ። «አሁን ተሻለኝ።»